የብረት ገላና የሰው ስም፦ ከፊል ማሽን የሆነው ጀግና በኮሚክስና በፊልም

የሰው ልጅ ከራሱ ጉልበት በላይ የሆነ ጀግና ሳይፈጥር የኖረበት ዘመን የለም። የጥንት ተራኪዎች ጀግናቸውን ከአማልክት ያዛምዱት፣ ክንፍ ያበቅሉለት፣ አንበሳን በባዶ እጁ የሚያንቅ ያደርጉት ነበር። የፋብሪካና የሞተር ዘመን ሲመጣ የጀግናው የኃይል ምንጭ ተለወጠ፤ ክንዱ በብረት፣ ዐይኑ በመስተዋትና በኤሌክትሪክ ተተካ። ግማሽ አካሉ ሰው፣ ግማሽ አካሉ ማሽን የሆነው ጀግና ታሪክን በተከታታይ ሥዕልና በአጫጭር ንግግር በሚተርኩት የኮሚክስ ኅትመቶች፣ ከዚያም በቴሌቪዥንና በፊልም እየገነነ የመጣው በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው።

ይህ ጀግና ለደራሲውም፣ ለሠዓሊውም፣ ለተዋናዩም አስቸጋሪ ሆኖ ኖሯል። ብረቱ ከበዛ ሰውየው ይጠፋል፤ ብረቱ ከሳሳ ደግሞ የአካሉ ለውጥ እንደ ልብስ ተለብሶ የሚወልቅ ጌጥ ይሆናል። ብዙዎች የችግሩን መፍትሔ ከቀለምና ከቅርጽ ብቻ ሲፈልጉ ይታያሉ። ይሁን እንጂ ካለፉት ስድሳ ዓመታት ሥራዎች መካከል ጎላ ጎላ ያሉትን በቅደም ተከተላቸው ለመረመረ ሰው፣ ዘመን የተሻገሩት ሦስት ጥያቄዎችን ያልዘነጉት ሆነው ይገኛሉ። ይህን ሰው እንዲህ አድርጎ የሠራው ማን ነው? ሲሠራስ ፈቃዱ ተጠይቋል? ዛሬስ አዛዡ ማን ነው? የጉልበቱ ብዛት፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ የብረቱ ጥራት ከእነዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁለት ቃላት የተወለደ ጀግና

የነገሩ ሥር የሚገኘው በተውኔት መድረክ ላይ ነው። የቼኩ ደራሲ ካሬል ቻፔክ «አር. ዩ. አር.» የተሰኘውን ተውኔቱን በ1920 አሳተመ፤ በ1921 በፕራግ ለመድረክ በቃ። «ሮቦት» የሚለው ቃል ወደ ዓለም ቋንቋዎች የተሠራጨው ከዚህ ተውኔት ሲሆን፣ ቃሉን ለደራሲው የጠቆመው ሠዓሊ ወንድሙ ዮሴፍ ቻፔክ ነበር። የቃሉ ምንጭ «ሮቦታ» ገባሩ ለባለ መሬቱ ያለ ዋጋ የሚሠራውን የግዴታ ሥራ የሚያመለክት ነው፤ በአማርኛ ከሁዳድ ሥራ ጋር ይቀራረባል። የቻፔክ ሮቦቶች ዛሬ በተለመደው መልክ ብረት ለበስ አልነበሩም። ሕይወት ካለው መሰል ነገር በፋብሪካ የተቀመሙ፣ ሰው የሚመስሉ፣ ለሥራ ብቻ የተፈጠሩ ፍጥረታት ነበሩ። ስለዚህ ጥያቄው ከመነሻው የጉልበትና የባለቤትነት ጥያቄ ነበር፤ የተውኔቱ ጠብ የሚነሣውም ሠራተኞቹ በባለቤቶቻቸው ላይ ባመፁ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ቃል «ሳይቦርግ» ነው። በ1960 ማንፍሬድ ክላይንስና ናታን ክላይን የተባሉ በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሳይንቲስቶች ስለ ጠፈር ጉዞ ባወጡት ጽሑፍ ይህን ስም አወጡ። ሐሳባቸው ሰው የምድርን አየርና ሙቀት ተሸክሞ ወደ ጠፈር ከሚወጣ ይልቅ የራሱ አካል በመሣሪያ እየታገዘ ከጠፈር ጋር እንዲስማማ ማድረግ ነበር። መሣሪያው የአካሉን ሥርዐት ሲቆጣጠርለት ሰውየው ለማሰብና ለመመርመር ነጻ ይሆናል ብለው ያምኑ ነበር።

እንግዲህ አንደኛው ቃል ከገባርነት፣ ሁለተኛው ከነጻነት ተስፋ ተወለደ። ከፊል ማሽን የሆነው ጀግና ከሁለቱም ወገን ይወለዳል፤ ብረቱ ወይ እግር ብረት ነው፣ ወይ ክንፍ። የጀግናው ድራማ የሚመነጨው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ገና ካልታወቀበት ስፍራ ነው።

ከመሣሪያ ነጋዴዎች እጅ ያመለጡት ዘጠኙ

በ1964 ጃፓናዊው የኮሚክስ ደራሲና ሠዓሊ ሾታሮ ኢሺኖሞሪ «ሳይቦርግ 009» የተሰኘውን ተከታታይ ሥራ ጀመረ። ወቅቱ ዓለም በሁለት ጎራ ተከፍላ የጦር መሣሪያ የምታከማችበት ነበር። በታሪኩ ውስጥ «ብላክ ጎስት» የተባለ የመሣሪያ ነጋዴዎች ኅቡዕ ድርጅት አለ፤ ገበያው ጦርነት በመሆኑ ሰላም እንዲሰፍን አይሻም። ለገበያ ሊያቀርበው የሚያሰናዳው አዲስ መሣሪያ ደግሞ ሰው ራሱ ነው። ከልዩ ልዩ አገሮች ዘጠኝ ሰዎች ይወሰዱና አካላቸው በማሽን ይለወጣል፤ ከ001 እስከ 009 ቁጥርም ይሰጣቸዋል። ከመካከላቸው ሩሲያዊ ሕፃን፣ ፈረንሳዊት የባሌት ዳንሰኛ፣ ጀርመናዊ ሾፌር፣ ቻይናዊ ምግብ አብሳይ፣ እንግሊዛዊ ተዋናይ፣ አፍሪካዊና ጃፓናዊ ይገኙባቸዋል። ዘጠኙ በሠሯቸው ላይ ያምፃሉ፤ ከሠሪዎቹ አንዱ የነበሩት ዶክተር ጊልሞርም አብረዋቸው ይወጣሉ።

ኢሺኖሞሪ ያደረሰው ሐሳብ ቀላልና ጠንካራ ነው። ለጦርነት የተሠራ አካል ለጦርነት የመታዘዝ ግዴታ የለበትም። ያው ደራሲ በ1971 በቴሌቪዥን በጀመረው «ካሜን ራይደር» ይህንኑ ደግሞታል፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ታኬሺ ሆንጎ በክፉ ድርጅት ተይዞ አካሉ ከተለወጠ በኋላ፣ ኅሊናው ከመታጠቡ በፊት ያመልጣል። አካሉ ተወስዷል፤ ኅሊናው ግን ገና የራሱ ነው።

ይሁንና የዚህ ታላቅ ሥራ አንድ ጉድለት ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። አፍሪካዊው 008፣ ማለትም ፑንማ፣ በመጀመሪያው የሥዕል ቅርጹ ከንፈሩ ከልክ በላይ ወፍሮ፣ ምዕራባውያን ጥቁር ሕዝብን ለማላገጥ ይጠቀሙበት በነበረው ስልት ተሥሎ ነበር። ታሪኩ ከሌሎቹ ስምንት ጋር እኩል ያቆመውን ሰው ሥዕሉ ዝቅ አደረገው። በኋላ በተሠሩት፣ በተለይም በ2001 በቀረበው የቴሌቪዥን ሥራ፣ መልኩ እንደ ማንኛውም ሰው ተስተካክሎ ተሣለ። ደራሲው በቃል የመለሰውን ክብር ሠዓሊው በመሥመር ሊነጥቅ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

በዋጋው የተጠራው ሰው

በአሜሪካ ጉዳዩ በሌላ መንገድ ሄደ። ማርቲን ኬይዲን በ1972 «ሳይቦርግ» የተሰኘ ልብ ወለድ አሳተመ፤ ከዚህ የተቀዳው «ዘ ሲክስ ሚሊዮን ዶላር ማን»፣ ማለትም የስድስት ሚሊዮን ዶላሩ ሰው የሚል ርእስ ያለው ተከታታይ ፊልም ከ1974 እስከ 1978 በቴሌቪዥን ታየ። አብራሪው ስቲቭ ኦስቲን በአውሮፕላን አደጋ ሁለት እግሩን፣ አንድ ክንዱንና አንድ ዐይኑን ያጣል፤ በማሽን ተጠግኖም የመንግሥት ሰላይ ይሆናል። ርእሱ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ሰውየው የሚታወቀው በስሙ ሳይሆን ለጥገናው በወጣው ወጪ ነው። ገንዘቡን የከፈለ አካል እንደ ባለ ዕዳ ያዘዋል።

የፊልሙ ሠሪዎች ለአንድ የአቀራረብ ችግር ብልሃት አግኝተዋል። ፍጥነቱን ለማሳየት ተዋናዩ ሊ ሜጀርስ ሲሮጥ ምስሉን አዝግመው፣ ከበስተኋላው የብረት ድምፅ አሰሙ። ተመልካቹ ዝግታውን እንደ ፍጥነት ማንበብን ለመደ። ነገር ግን የብረቱ አካል በቆዳ የተሸፈነ ነበርና ጉዳቱ ከዐይን ተሰወረ፤ ተከታታዩ በገፋ ቁጥርም ሳይጠየቅ አካሉ የተለወጠ ሰው ምሬት እየደበዘዘ፣ ጉልበቱ ብቻ እየጎላ ሄደ።

በዚያው በ1974 በማርቭል ኩባንያ ኅትመት የወጣው «ዴዝሎክ» በተቃራኒው ቆመ። ሪች በክለርና ደግ መንች የፈጠሩት ሉተር ማኒንግ ከሞተ በኋላ ለጦርነት የተቀሰቀሰ ወታደር ነው። ገላው የበሰበሰ፣ ፊቱ በከፊል ብረት ነው። በጭንቅላቱ ውስጥ የተቀመጠው ኮምፒዩተር ያናግረዋል፤ ይመክረዋል፤ ሊያዘውም ይሞክራል። የኮሚክስ ጥበብ እዚህ ላይ ከፊልም የበለጠ አንድ ነገር አገኘ። የሰውየውን ሐሳብና የማሽኑን ድምፅ በአንድ ገጽ ላይ ለየብቻ እየጻፈ በአንድ ራስ ውስጥ የሚካሄደውን ሙግት አንባቢው በዐይኑ እንዲከታተል አደረገ።

የቪክተር ስቶን ፊት

ከፊል ማሽን የሆኑት ጀግኖች ሁሉ ሲነሡ «ሳይቦርግ» የሚለውን ስም እንደ መጠሪያ ስሙ የወሰደው ቪክተር ስቶን ነው። ደራሲው ማርቭ ዎልፍማንና ሠዓሊው ጆርጅ ፔሬዝ በ1980 በዲሲ ኩባንያ ኅትመት ላይ አቀረቡት። ቪክተር ጥቁር አሜሪካዊ ወጣትና ስፖርተኛ ነው። አባቱ ሳይላስና እናቱ ሳይንቲስቶች ናቸው፤ ልጃቸውን እንደነሱ የቤተ ሙከራ ሰው ሊያደርጉት ይሻሉ፤ እርሱ የሚወደው የሩጫ ሜዳ ነው። በቤተ ሙከራው በደረሰ አደጋ እናቱ ትሞታለች፤ እርሱ አብዛኛውን አካሉን ያጣል። አባቱም ልጁ እንዳይሞትበት በብረት ይጠግነዋል። ቪክተር ሲነቃ ባየው ነገር አያመሰግንም፤ ይቈጣል።

ሦስቱ ጥያቄዎች እዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ተሰብስበዋል። የሠራው ጠላት አይደለም፣ አባት ነው። ፈቃድ አልተጠየቀም፤ የሚጠየቅበት ጊዜም አልነበረም። ፍቅር የሠራው ነገር እንደ ግፍ ሊቈጠር ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ የተውኔት ጸሐፊ ሁሉ የሚመኘው ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸውና። ዎልፍማንና ፔሬዝ አባትና ልጅን ወዲያው አላስታረቁም፤ ዕርቁ የመጣው አባት ለሞት በተቃረበ ጊዜ ነው።

ፔሬዝ የቪክተርን ግማሽ ፊት ብረት፣ ግማሹን ሥጋ አድርጎ ሣለ። ይህ መሥመር ከጌጥነት የላቀ አገልግሎት ሰጥቷል፤ ሠዓሊው ሰውየውን ባዞረ ቁጥር አንባቢው የሚያየው ፊት ይለወጣል። ሲቈጣ በብረቱ በኩል፣ ሲያዝን በሥጋው በኩል ሊያሳየው ይችላል። ከዚህም ይበልጥ የሚጠቀሰው በ1981 በወጣው በ8ኛው እትም ላይ ያለው ነው። ቪክተር የአካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ከምታስተምረው ከሣራ ሲምስ ጋር ይተዋወቃል። ከተማው ሁሉ እንደ ጭራቅ የሚሸሸውን ሰው፣ ሰው ሠራሽ አካል ያላቸው ተማሪዎቿ አይፈሩትም፤ በጉጉት ይቀርቡታል። በዚያ እትም ውስጥ ዓለምን የሚያድን ጦርነት አልተካሄደም፤ ሆኖም ገጸ ባሕርይው ሰው የሆነው እዚያ ላይ ነው።

ሁለቱ መርፊዎች

በ1987 ፖል ቨርሆቨን ያዘጋጀው «ሮቦኮፕ» የተሰኘው ፊልም የባለቤትነትን ጥያቄ ወደ አደባባይ አወጣው። ታሪኩ ዲትሮይት ከተማ ውስጥ የሚፈጸም ሲሆን የከተማዋ የፖሊስ አገልግሎት ለአንድ ትልቅ ኩባንያ ተሰጥቷል። ፖሊሱ አሌክስ መርፊ በወንበዴዎች በግፍ ይገደላል፤ ኩባንያውም ሬሳውን ወስዶ የብረት ፖሊስ ያደርገዋል። ሐኪሞቹ አንድ ክንዱን ማትረፋቸውን ሲናገሩ የኩባንያው ሹም ክንዱም ይቈረጥ ብሎ ያዛል፤ መላ አካሉ የኩባንያው ዕቃ እንዲሆን ስለሚፈልግ ነው። ሰውየው በሕግ የሞተ በመሆኑ የሚጠየቅለት የለም። በውስጡ ከተቀመጡት ትእዛዞች አንዱም የኩባንያውን ከፍተኛ ሹም እንዳይዝ የሚከለክለው ሥውር ትእዛዝ ነው።

ተዋናዩ ፒተር ዌለር ለዚህ ሚና የአካል እንቅስቃሴ መምህር ከሆነው ከሞኒ ያኪም ጋር ሠልጥኗል። ልብሱ ሲደርስ ከተጠበቀው በላይ ከባድ ሆኖ በመገኘቱ የተለማመዱትን እንቅስቃሴ እንደገና መቅረጽ ግድ ሆነ። ውጤቱ በፊልሙ ላይ ይታያል፤ ራሱ አስቀድሞ ይዞራል፣ ትከሻው ይከተላል፣ እግሩ መሬቱን ከመርገጡ በፊት ያሰላ ይመስላል። አብዛኛው ፊቱ በተሸፈነበት፣ አገጩ ብቻ በሚታይበት ሰዓት ኀዘኑን የሚያስተላልፈው ይህ አካሄድ ነው። ወደ ቀድሞ ቤቱ ሄዶ በባዶ ክፍሎች ውስጥ ሲመላለስ ዕንባ አያፈስም፤ ተመልካቹ ግን ያዝናል። በመጨረሻም ስሙን ሲጠየቅ የሰው ስሙን ይናገራል። በድርጅት ቁጥርና ማዕረግ የተጀመረ ፊልም በአንድ ስም ይዘጋል።

በ2014 በሆሴ ፓዲሊያ አዘጋጅነት የቀረበው ሁለተኛው «ሮቦኮፕ» ከመጀመሪያው ባይስተካከልም አንድ አዲስ ሐሳብ አምጥቷል። በዚህኛው መርፊ ቤተሰቡን ያስታውሳል፣ አንድ የሰው እጁም ተትቶለታል። ነገር ግን በውጊያ ጊዜ ማሽኑ ይወስንለትና እርሱ ራሱ የወሰነ እንዲመስለው ተደርጓል። የ1987ቱ ሰው መታዘዙን አያውቅም ነበር፤ የ2014ቱ ነጻ ነኝ ብሎ ያምናል። የሰው ውሳኔ በኮምፒዩተር በሚመራበት በዛሬው ዘመን ከሁለቱ ይበልጥ የሚያስፈራው የኋለኛው ነው።

ሁለት ነፍስ በአንድ ገላ

በ1990 ድዌይን ማክደፊና ግሪጎሪ ራይት የቀድሞውን ዴዝሎክ በአዲስ ሰው ተክተው አቀረቡ። ማይክል ኮሊንስ ጥቁር አሜሪካዊ ሳይንቲስትና ሰው መግደልን የሚቃወም የሰላም ሰው ነው። የሚሠራበት ኩባንያ ምርምሩን ለጦር መሣሪያ እንዳዋለው ሲደርስበት አእምሮው ተወስዶ በዚያው መሣሪያ ውስጥ ይቀመጣል። ኮሊንስ ገላውን መምራት ሲጀምር ለኮምፒዩተሩ ያስገባው ትእዛዝ ሰው እንዳይገደል የሚያግድ ነበር። ከታሪኩ ክፍሎች አንዱ በርእሱ የደብልዩ. ኢ. ቢ. ዱ ቦይስን የ1903 ዝነኛ መጽሐፍ ያስታውሳል። ዱ ቦይስ ጥቁር አሜሪካዊ ራሱን በገዛ ዐይኑም፣ በሚንቀው ሰው ዐይንም በአንድ ጊዜ ስለሚያይበት ጭንቀት ጽፏል። ማክደፊ ይህን ሐሳብ የብረት ገላ አለበሰው፤ ሰው ሁሉ መሣሪያ ብሎ በሚጠራው አካል ውስጥ ራሱን ሰው ብሎ የሚጠራ አንድ ድምፅ አስቀመጠ።

አንድ ተዋናይ፣ ሁለት ፊልም

ቪክተር ስቶን በ2011 ዲሲ ታሪኮቹን እንደ አዲስ ሲጀምር «ጀስቲስ ሊግ» ከተባለው ታላቅ የጀግኖች ማኅበር መሥራቾች አንዱ ሆነ፤ የራሱ ቋሚ ተከታታይ መጽሔት ያገኘው ግን በተፈጠረ በ35 ዓመቱ በ2015 ነው። ከፍ ያለ ወንበር ማግኘቱ ብቻውን ክብር አላመጣለትም። በብዙ ታሪኮች ውስጥ ሥራው ለሌሎቹ በር መክፈት፣ መረጃ መፈለግና መንገድ ማሳየት ሆኖ ቀረ። በሥዕሉም ብረቱ እየሰፋ ሄዶ የቆዳው ቀለም የሚታይበት ስፍራ ከፊቱ ቁራጭ አላልፍ አለ። የቻፔክ ሮቦት ባልታሰበ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው፤ ጀግናው የማኅበሩ አገልጋይ ሆነ።

በ2017 የታየው «ጀስቲስ ሊግ» ፊልም ይህንኑ አሳየ። ሬይ ፊሸር የተጫወተው ቪክተር በ120 ደቂቃው ፊልም ውስጥ ጥቂት ቃል የሚናገር፣ የማሽን ነገር ሲመጣ የሚጠራ ሰው ነው። በ2021 የዳይሬክተሩ የዛክ ስናይደር የራሱ ቅንብር በ242 ደቂቃ ሲወጣ ግን ያው ተዋናይ፣ ያው የብረት ገላ፣ ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። በሜዳ ላይ ሲጫወት አባቱ ሳይመጣ የቀረበት ወንበር ይታያል፤ የእናቱ ሞት ይታያል፤ ኑሮ የከበዳትን አስተናጋጅ በሥውር በገንዘብ ሲረዳ ይታያል። በፍጻሜውም ጠላት በሙታን ወላጆቹ መልክ ቀርቦ ጤነኛ አካሉን እመልስልሃለሁ ሲለው ራሱን እንደ ተሰበረ ዕቃ መቍጠሩን ይተዋል። ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ያየ ሰው ልዩነቱ በብረቱ አሣሣል ላይ እንዳልነበረ ይረዳል። ከመጀመሪያው ተቈርጦ የወጣው ታሪኩ ነበር፤ ታሪኩ ሲቈረጥ ሰውየው አብሮ ተቈረጠ።

ወደፊትስ እንዴት ይቅረብ?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለደራሲ፣ ለሠዓሊና ለተዋናይ የሚተርፍ ትምህርት አለ።

በመጀመሪያ ብረቱ ታሪክ ያለው ጠባሳ ሆኖ ይሣል። ጠባሳ መቼና በማን እጅ እንደ መጣ ያስታውሳል፤ ጌጥ ግን ምንም አያስታውስም። ብረቱ ክብደት፣ ድምፅ፣ ብርድና ሙቀት ይኑረው፤ በር ሲከፍት፣ ወንበር ሲቀመጥ፣ የወዳጁን እጅ ሲጨብጥ ይታይ። የጀግናው ጉልበት በጦር ሜዳ ቢገለጥ፣ ሰውነቱ የሚገለጠው በእነዚህ ጥቃቅን ድርጊቶች ነው።

ሁለተኛ፣ ፈውስ እንደ ሽልማት አይሰጠው። ብዙ ደራሲያን ታሪኩን ለመደምደም ሲቸግራቸው የጀግናውን ሥጋ ይመልሱለታል። ይህ ፍጻሜ ሰው ሠራሽ እግር አጥልቆ ትምህርት ቤት ለሚሄደው ልጅ ሙሉ ሰው የምትሆነው እግርህ ሲመለስ ነው የማለት ያህል ነው። ጦርነትና አደጋ ባልራቁት ዓለም የእንዲህ ያለ ልጅ ቍጥር ጥቂት አይደለም። የሣራ ሲምስ ተማሪዎች ከቪክተር ያገኙት ነገር የመፈወስ ተስፋ አልነበረም፤ እነሱን የመሰለ አካል ይዞ የሚኖር ትልቅ ሰው ማየት ነበር።

ሦስተኛ፣ የማሽኑ ባለቤት ይታወቅ። ክንዱን የሠራው ኩባንያ፣ የከፈለው መንግሥት፣ የፈረመው ዘመድ በታሪኩ ውስጥ ስም ይኑራቸው። አዛዡ የማይታወቅ የብረት ክንድ ለማንም የሚያገለግል መዶሻ ነው፤ አዛዡ ሲታወቅ ግን ለመታዘዝና ለእምቢታ ቦታ ይከፈታል፤ ጀግንነትም የሚጀምረው ከዚያ ቦታ ነው።

በመጨረሻም ለገጸ ባሕርይው ስሙ ይጠበቅለት። ዘጠኙ ቁጥር ሲሰጣቸው፣ ኦስቲን በዋጋ ሲጠራ፣ መርፊ የድርጅት ምልክት ሲለጠፍበት የተወሰደባቸው ነገር አንድ ነበር። ዛሬ ሰው ሠራሽ እጅ በነርቭ የሚታዘዝበት፣ በልብና በጆሮ ውስጥ መሣሪያ የሚቀመጥበት ዘመን ነው፤ የኮሚክሱ ምኞት ወደ ሆስፒታሉ አልጋ ቀርቧል። ያ አልጋ ላይ ለተኛው ሰው ከጉልበቱ መጠን ይልቅ የሚያስጨንቀው፣ ሲነሣ የራሱ ይሆን እንደሆነ ነው። ይህን ጭንቀት የሚያውቅ ደራሲና ሠዓሊ ብረቱን በምንም ቀለም ቢቀባው ሰውየውን አያጠፋውም።